ብሎክቼይን የገባለትን ይጠብቃል እንጂ እውነት መሆኑን አያጣራም

ወንድሜ፣ «የሥልጠና ሰርተፊኬቶቻችን ብሎክቼይን ላይ ቢገቡ ፎርጅድ ይቀራል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ብሎክቼይን ማለት ብሎክ የሚባሉ የመረጃ ጥቅሎች በሰንሰለት የተያያዙበት፣ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ መዝገብ ነው። እኔ ይህንኑ ሥራ ሠርቼ አስረክቤያለሁ፤ የናንተም ችግር ያው የኛው እንደሚሆን አልጠራጠርም።

1. «አንዴ ከገባ አይቀየርም» ሲሉህ ተጠንቀቅ። እርግጥ እያንዳንዱ ብሎክ የቀዳሚውን ሃሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ፣ እንደ አሻራ ያለ አጭር ኮድ) ስለሚይዝ አንዲት ፊደል ብትነካ ከዚያ በኋላ ያለው ሰንሰለት አልገጥም ይላል። ሲገባ ውሸት የነበረው ግን ውሸት እንደሆነ ይቀመጣል። እኛ ዘንድ ሬጅስትራሩ የሰልጣኞችን ዝርዝር በኤክሴል ላከልኝ። ከዋናው መዝገብ ጋር ይመሳከር ብዬ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንተ ሲስተምህን ሥራ፣ መዝገቡ አይመለከትህም» አለኝ። በጽሑፍም አሳወቅሁ፤ መልስ የለም፣ በበላይ ትእዛዝ ገባ። ፈተና ላይ ያልተቀመጠ ሰው «አልፏል» የሚል ሰርተፊኬት ወጣለት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? ቀድሞ ቀጣሪዎች ደውለው ያጣሩ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ «ተረጋግጧል» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ማየት ሲጀምሩ መደወሉን ተዉት። ስህተቱ ሲታወቅም መሰረዝ ስለማይቻል «ተሽሯል» የሚል ሌላ መዝገብ ጨመርንበት።

2. የሰው ስምና ውጤት ሰንሰለቱ ላይ እንዳታስገባ። በዚህ ተሟግቼ አሸንፌያለሁ፣ እኮራበታለሁም። ሰንሰለቱ ላይ ያለው የሰነዱ ሃሽ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ የራሳችን ዳታቤዝ ውስጥ ነው። አንዲት ሰልጣኝ መረጃዬ ይጥፋልኝ ስትል ማጥፋት የቻልነው ለዚህ ነው። ሃሹን ስታወጣ በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ጨምርበት፤ አለዚያ ስምና ውጤት እየገመቱ ማመሳከር ቀላል ነው።

ሰንሰለቱን የያዙት ሰርቨሮች በማን እጅ እንደሆኑም ጠይቅ። ሁሉም የአንድ ድርጅት ከሆኑ ያ ድርጅት ሲፈልግ ሰንሰለቱን እንደ አዲስ ሊሠራው ይችላል። ለሁሉም ክፍት የሆነው ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼይን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ዳኦ የተባለው ፈንድ ሲዘረፍ፣ አብዛኛው ተስማምቶ የተወሰደውን ገንዘብ አስመልሷል፤ ያልተስማሙት የድሮውን ሰንሰለት ይዘው ኢቴሪየም ክላሲክ ሆነው ቀሩ።

ሰርተፊኬት የምትሰጡት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ዲጂታል ፊርማ (ሰነዱ ከናንተ እንደወጣና እንዳልተነካ የሚያሳይ የኮምፒውተር ፊርማ) ይበቃችኋል። ብሎክቼይን የሚያስፈልገው ብዙ ተቋማት አንድ መዝገብ ይዘው እርስ በርስ ሳይተማመኑ ሲቀሩ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ሬጅስትራራችሁ ዝርዝሩን ከዋናው መዝገብ ጋር ማመሳከሩን በፊርማው ሳያረጋግጥልህ አንድም ስም እንዳትቀበል።