ቡቺ ገና 14 ወሩ ነው፣ አነሳሱ ግን የሽማግሌ ነው

ጥያቄ፦
ሰላም ዶክተር፣ እንዴት ነዎት? ቡቺ የሚባል ጀርመን ሼፐርድ አለኝ። ገና 14 ወሩ ነው። 7 ወር አካባቢ ሲሆነው የቀኝ የኋላ እግሩን ማንከስ ጀመረ። ሲጫወት ወለም ብሎት ነው ብዬ ተውኩት። ሁለት ሦስት ቀን ያነክስና ይተወዋል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለስበታል። በመጨረሻ ራጅ ተነሳና ሁለቱም ዳሌዎቹ በደንብ አልገጠሙም፣ ሂፕ ዲስፕሌዢያ ነው ተባልኩ። ማስታገሻ ታዘዘለት። ሲወስድ ይሻለዋል፣ ሲያልቅ እዚያው ነን።

ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ሳየው አንጀቴ ይላወሳል። መጀመሪያ በፊት እግሮቹ ይነሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ነው ኋላውን የሚያነሳው። ግን አንድም ቀን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ከሰዓት ኳስ ካየ ምንም እንዳልሆነ ይሮጣል፣ ማታ ሕመሙ ይነሳበታል። አንዳንዱ ሰው «አስተኝው፣ አታንቀሳቅሽው» ይለኛል። ሌላው «ይሩጥ፣ ይለምደዋል» ይላል። አንድ ዘመዴማ «ለምን ታሰቃይዋለሽ፣ በመርፌ ይገላገል» ብሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ሌሊት ቦታ ሲቀያይር አድሮ ሲጨንቀኝ ከራሴ አይቡፕሮፌን ግማሽ ሰጠሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ቡቺ እየተሰቃየ ነው? ዕድሜ ልኩን ኪኒን ሲውጥ ሊኖር ነው? ጥፋቱስ የኔ ነው?
የቡቺ እናት

መልስ፦
እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁሉንም እመልስልሻለሁ፣ ግን ከአይቡፕሮፌኑ ልጀምር። አንቺ በአንድ መስመር ብታልፊውም እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ደግመሽ እንዳትሰጪው። ግማሽም ቢሆን፣ ሩብም ቢሆን። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። እኛ ውጠነው ምንም የማንሆነው መጠን ውሻን ሊጥል ይችላል። ዲክሎፌናክም ያው ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛበት ደግሞ ጉበቱንና ቀይ የደም ሴሎቹን ይመታል። በዚያ ላይ ለቡቺ የታዘዘለት ማስታገሻ ራሱ ከአይቡፕሮፌን ጋር አንድ ወገን የሆነ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ሲደራረቡ አደጋው ይብሳል። ለሐኪምሽ ንገሪው። አይፈርድብሽም፣ ጨንቆሽ ነው የሰጠሽው። ግን ማወቅ አለበት። ቡቺ የሚያስታውከው፣ ምግብ እንቢ የሚለው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚጠቁር ከሆነ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አዎ፣ ያመዋል። ባለመጮሁ አትጽናኚ፣ ውሻ እንዲህ ላለው የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ አይጮህም። ድንገት ጅራቱን ስትረግጪው ይጮሃል፣ በየቀኑ አብሮት ለሚውል ሕመም ግን አኗኗሩን ይቀይራል እንጂ ድምፅ አያሰማም። ሳታውቂው ምልክቶቹን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ኋላውን ዘግይቶ ማንሳቱ፣ ሌሊት ቦታ ሲቀያይር ማደሩ፣ ከጨዋታ በኋላ መባሱ። ሲሮጥ ደግሞ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እንደ ጥንቸል ያነሳ እንደሆነ እዪው። የኋላ እግሮቹን ጥፍሮች ከፊቶቹ ጋር አስተያዪ። ጫፋቸው ተበልቶ ካገኘሽው እግሩን እየጎተተ ነው ማለት ነው። ጭኖቹን በሁለት እጅሽ ግራና ቀኝ ያዢያቸው። የሚያመው በኩል ጡንቻው ሳስቶ ሊሰማሽ ይችላል፣ ምክንያቱም ክብደቱን ወደ ፊትና ሻል ወዳለው እግር እያዞረ ነው የሚሄደው።

ለምን እንደሚያመው ባጭሩ ልንገርሽ። የዳሌ መገጣጠሚያ ማለት ክብ አጥንት በጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ነው። የቡቺ ጎድጓዳ ጥልቀት ስለሌለው ክቡ አጥንት በተራመደ ቁጥር ይንሸራተታል። መንሸራተቱ በአጥንቶቹ መሀል ያለውን ልስልስ ሽፋን ይፍቀዋል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ውሎ አድሮ አርትራይተስ፣ ማለትም የማይለቅ የመገጣጠሚያ ሕመም ይሆናል። ያንን አጥንት ከወዲያ ወዲህ እንዳይል ከያዙት ነገሮች ዋናው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው። ይህቺን ነገር ያዢልኝ።

«አስተኝው» ያለሽም «ይሩጥ» ያለሽም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ተኝቶ የሚውል ውሻ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ዳሌው ያለ ድጋፍ ይቀራል፣ ሲነሳ ይብስበታል። ኳስ የሚያሯሩጡት ውሻ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ሄዶ ድንገት ቆሞ ይዞራል፣ ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው በማይገጥመው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ኳሷን አውጥተሽ ደብቂያት። አውቃለሁ፣ ዓይኑ ያሳዝንሻል። ግን ቡቺ የሚፈልገው መሮጡን ብቻ አይደለም፣ ካንቺ ጋር መጫወቱንም ነው። ምግቡን በየጥጉ ደብቀሽ በአፍንጫው ያፈላልግ፣ ከሩጫው ባልተናነሰ ይደክምለታል። በተረፈ በማሰሪያ ይዘሽ አጭር አጭር አካሄጂው። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፣ በረጋ እርምጃ። ከቀን ቀን እኩል ይሁን። ሙሉ ሳምንት ተቀምጦ እሁድ ለሁለት ሰዓት ያህል መሄድ ከምንም ይከፋል። በማግስቱ ጠዋት አነሳሱ ካልባሰ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጨምሪ፣ ከባሰ መልሰሽ ቀንሺ። ዋና የሚያስዋኝ ቦታ ካገኘሽማ እሰየው፣ ውሃ ክብደቱን ይሸከምለታል፣ ጡንቻው ግን ይሠራል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ወለሉን እዪ። የሚያዳልጥ ከሆነ ቡቺ በተንሸራተተ ቁጥር ዳሌው ይከፈታል። ብዙ በሚሄድበት መስመር ላይ ምንጣፍ አንጥፊ፣ ጥፍሩን አሳጥሪ፣ በጣቶቹ መሀል ያደገውን ፀጉር ቁረጪ። ወፈር ያለ ፍራሽ ሥሪለት። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ላስቲክ ዳሌው ላይ 10 ደቂቃ ያህል ብታደርጊለት መገታተሩን ያላላለታል። ሙቀቱን መጀመሪያ በራስሽ ክንድ ፈትሺው።

ክብደት ላይ ግን ጨካኝ ሁኚ። እኔ ከኪኒን እኩል ነው የማየው። ጎኑን በመዳፍሽ ስትዳብሺው የጎድን አጥንቶቹ ሳትጫኚ መቆጠር አለባቸው። ከላይ ስታዪው ወገብ ይኑረው። በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶር የሚባሉ ውሾችን ከቡችላነታቸው እስከ ሞታቸው ተከታትሏል። ጥንድ ጥንድ አድርጎ አንደኛው ከጥንዱ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እንዲበላ ተደረገ። ጥቂት የበሉት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ፣ የመገጣጠሚያ በሽታውም በጣም ዘግይቶ ነው የመጣባቸው። ዘወትር የምግብ ጠረጴዛ ሥር ለሚቀመጥ ውሻ ይህን መንገር ከባድ ነው፣ ግን በእጅሽ ካሉት መፍትሔዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ስለ ኪኒኑ። «ሲያልቅ እዚያው ነን» ያልሽው የማስታገሻ ባሕርይ ነው። ካርፕሮፌን፣ ሜሎክሲካም የመሳሰሉት ለውሻ የሚሰጡ መድኃኒቶች የመገጣጠሚያውን ቁጣ ያበርዳሉ እንጂ ዳሌውን አያስተካክሉም። ስለዚህ ሐኪምሽን «ስንት ቀን ልስጠው» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። የዓመት ዕቅድ ጠይቂው። አንዳንዱ ውሻ በየቀኑ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ሲብስበት ብቻ፣ አንዳንዱ ክብደቱ ቀንሶ ጡንቻው ሲጠነክር መጠኑ ይቀነስለታል። በየቀኑ የሚወስድ ከሆነ ከመጀመሩ በፊትና በየጊዜው ጉበቱና ኩላሊቱ በደም ምርመራ ይታይ። ከምግብ ጋር ስጪው። ሌላ ሐኪም ስቴሮይድ ሊያዝለት ቢል ማስታገሻ እየወሰደ መሆኑን ሳትናገሪ እንዳትወጪ፣ ሁለቱ አብረው አይሰጡም።

ሌላ ደግሞ፣ ቪዲዮ ቅረጪው። ክሊኒክ ሲደርስ ስለሚደነግጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንቺም ታፍሪያለሽ። ጠዋት ሲነሳ በስልክሽ ያነሳሽው አንድ ደቂቃ ብዙ ይናገራል። ከጎኑ ቀን ጽፈሽ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪው፣ አነሳሱን፣ ሌሊቱን፣ ጨዋታውን። ወሩ ሲያልቅ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ በስሜትሽ ሳይሆን በቁጥሩ ታዪዋለሽ።

ኦፕሬሽንም አለ። አንዳንዱ ዓይነት ቡችላው አጥንቱ እያደገ ሳለ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያ ለቡቺ አልፏል። ክቡን አጥንት ቆርጦ ማውጣት ወይም ሙሉ ዳሌውን በሰው ሠራሽ መተካት ግን አሁንም አለ። የዛሬ ሥራሽ አይደለም። ክብደት፣ እንቅስቃሴና መድኃኒት በትክክል ለጥቂት ወራት ተሞክረው አሁንም ሌሊቱን ካልተኛ፣ ያኔ የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሂፕ ዲስፕሌዢያ በዋናነት ከወላጆቹ የሚወረስ ነው፣ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይበዛል፣ ፈጣን እድገትና ውፍረት ያባብሱታል። የሚያጠፋው ያልተመረመሩ ውሾችን እያዳቀለ የሚሸጠው ሰው ነው። ለዘመድሽ ደግሞ ይህን በይው፦ ኳስ ሲያይ ጅራቱን የሚወዘውዝ፣ የሚበላ፣ ስትመጪ በር ላይ የሚጠብቅሽ የ14 ወር ውሻ የሚገላገልበት ሰዓት ላይ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ዳሌ ይዘው ብዙ ዓመት በደስታ የኖሩ ውሾችን በእጄ አክሜያለሁ።

ሌላ ጥያቄ፦
የኔ ውሻ 9 ወሩ ነው፣ ትልቅ ዝርያ ነው። አንድ ሳምንት የፊት ግራውን ያነክሳል፣ ቀጥሎ የኋላ ቀኙን፣ አሁን ደግሞ ሌላውን። እኔን እያታለለኝ ነው?

መልስ፦
አያታልልህም ወንድሜ። ከእግር ወደ እግር የሚዞር ማንከስ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ፓኖስታይተስ የሚባል የእድገት ሕመም ነው። ረጅሞቹ አጥንቶች ውስጣቸው ይቆጣል፣ መገጣጠሚያው ሳይሆን መሀል አጥንቱ ሲጫኑት ያመዋል። ማስታገሻና ረጋ ያለ እንቅስቃሴ እየተሰጠው ይቆያል፣ እድገቱ ሲያበቃ በራሱ ይጠፋል። ካልሲየም ግን እንዳትሰጠው። ብዙ ሰው አጥንቱ ደክሞ ነው ብሎ ይጨምርለታል፣ የሚያድግ ቡችላ ግን የተረፈውን ካልሲየም እንደ ትልቅ ውሻ አይመልሰውም፣ አጥንቱ ይበላሻል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መዥገር ነበረበት? መዥገር የሚያስተላልፋቸው በሽታዎችም ልክ እንዲህ ከእግር ወደ እግር እየዞሩ ያስነክሳሉ፣ የዚያ ሕክምናው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ትኩሳት ካለው ወይም ምግብ ከቀነሰ መጀመሪያ ደሙን አስመርምረው።