«ሁለት ናቸው»

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ተማሪ «አልፋ ሴንታውሪ፣ ሪጂል ኬንታውሩስ፣ ቶሊማን የሚባሉት አንድ ኮከብ ናቸው ወይስ ሦስት?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ አጭር ነው። አልፋ ሴንታውሪ በዓይን ሲያዩት አንድ ደማቅ ኮከብ ይመስላል፤ በቴሌስኮፕ ግን ሁለት ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ደማቁን እ.ኤ.አ. በ2016 ሪጂል ኬንታውሩስ፣ ጓደኛውን በ2018 ቶሊማን ብሎ አጽድቋል። የመጀመሪያው ስም ከዐረብኛ «የሴንታውሩስ (የግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ) እግር»፣ ሁለተኛው «ሰጎኖች» ከሚለው የመጣ ነው። ይህን ጽፌላት ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ነገሩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ፤ በጥንድ ኮከቦች፣ ማለትም አንዱ ሌላውን በሚዞር ሁለት ኮከቦች፣ መካከል ያለውን ርቀት ስለካ አድር ነበር። የግቢው ጥበቃ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ሌሊት አጠገቤ መጥተው ወደ ደቡብ አድማስ አመለከቱና «እነዚያን ሁለቱን እናቴ በስም ትጠራቸው ነበር» አሉኝ። ስሙንም ነገሩኝ። የሚያሳዩኝ አልፋ ሴንታውሪንና ጎረቤቱን ሃዳርን ነበር።

ስሙ ጆሮዬ ገባ፤ ልቤ ግን አልገባም። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ማረሚያዬን አዘጋጅ ነበር። «አባባ፣ እነዚህ እኮ ጥንድ አይደሉም» አልኳቸው። አንዱ ከእኛ 4.3 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቅ፣ ሌላው ከዚያ ከ80 ጊዜ በላይ እንደሚርቅ፣ ጎን ለጎን የሚመስሉት በእኛ ዓይን ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ከዚያ «እውነተኛውን ጥንድ ላሳይዎት» ብዬ ወደ ቴሌስኮፑ ጠራኋቸው።

ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸው መስተዋቱን እንዳያደበዝዝ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ያኔ ሁለቱ ኮከቦች ተራርቀው ስለነበር ለመለየት አያስቸግሩም፤ አንዱ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ብርቱካን የሚያደላ። ብዙ ቆዩ። «ሁለት ናቸው» አሉ በመጨረሻ። ቀና ብለው ደግሞ «እናቴም ሁለት ናቸው ነበር የምትለው» አሉኝ።

ፈገግ ብዬ ወደ ልኬቴ ተመለስኩ። ከዓመታት በኋላ ስሙን ልጠይቃቸው ስሄድ አርፈዋል። የእናታቸውን ቃል የሚያውቅ ሌላ ሰው አላገኘሁም።

ዛሬ እናንተ ስልካችሁን ወደ ሰማይ ስትደግኑ ስሙ ወዲያው ይወጣላችኋል። አልወደውም፤ ለማየት የምትቸኩሉት ኮከቡን ሳይሆን ጽሑፉን ይመስለኛል። ያም ሆኖ ያቺ ተማሪ ጥያቄዋን ያገኘችው ከስልኳ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ልወቅሳችሁ አልችልም።

ሒሳብ ተማሩ፣ ሌሊት መንቃት ልመዱ የሚለውን አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ሰው የኮከብ ስም ሲነግራችሁ ከማረማችሁ በፊት ጻፉ። በራሱ ቃል፣ በራሱ አነጋገር። ነገ አጣራለሁ አትበሉ። ስኮትላንዳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቶማስ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ሆኖ የዚህኑ ኮከብ ርቀት የሚያወጣ ልኬት ወስዶ ነበር። ውጤቱን ስላላመነው አቆየው። በ1838 ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቤሰል የሌላ ኮከብ ርቀት ቀድሞት አሳተመ፤ የሄንደርሰን የወጣው በ1839 ነው። እኔ ራሴ ተማሪዎቼን «ሁለቴ ሳትለኩ አትናገሩ» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ልኬት ግን መልሶ ይለካል፤ ኮከቡ እዚያው ነው። የሰው ቃል እንደዚያ አይደለም።

ሁለቱ ኮከቦች አንዱ ሌላውን ለመዞር 80 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የዙራቸውን እኩሌታ አልፈዋል፤ በ2016 አካባቢ ለዓይናችን በጣም ተቀራርበው ነበር፤ አሁን መልሰው እየተራራቁ ነው። ለተማሪዋ ከመለስኩላት በኋላ የድሮ ማስታወሻዬን አወጣሁ። የዚያ ሌሊት ገጽ አለ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ርቀቱ በአርክ ሰከንድ (በሰማይ ላይ ትንሽ ማዕዘን በሚለካበት መለኪያ)፣ የአየሩ ሁኔታ ሁሉ በጥንቃቄ ተጽፏል። «አስተያየት» ከሚለው አጠገብ ያለው መስመር ባዶ ነው።