በራሱ ፍሬን የሚይዝ መኪና ላይ ለመሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አሽከርካሪን በሚያግዙ ሥርዓቶች ላይ ስለሚሠራ መሐንዲስ ናቸው። እነዚህ ሥርዓቶች አደጋ ሲቃረብ በራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ፣ መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ ይጠብቃሉ፣ ከፊት ካለው መኪናም ርቀት ይለካሉ።

በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ሥራው የኮምፒውተር ሰዎች ነው ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዳማ)

አይደለም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 25 ሜትር ያልፋል። ሶፍትዌሩ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ 12 ሜትር ተኩል ያለ ፍሬን ተሄደ ማለት ነው። ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት የሚያውቅ ሰው እዚህ ያስፈልጋል። የጎደለህን ግን ሙላ፤ ሲ ፕላስ ፕላስና ፓይተን የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ የቁጥጥር ንድፈ ሐሳብንና የካልማን ማጣሪያን (ስህተት ካለባቸው ልኬቶች ትክክለኛውን የሚገምት የሒሳብ ዘዴ) ተማር። ራዳር ርቀትንና ፍጥነትን በጭጋግም ቢሆን በደንብ ይለካል፤ ካሜራ ደግሞ የታየው ሰው ይሁን መኪና ይለያል። የሁለቱን መረጃ በየአስተማማኝነቱ መዝኖ ማዋሐድ የሙያው ዋና ዕውቀት ነው።

ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ራዳርም ሊዳርም (በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካ መሣሪያ) የለም። በምን ልለማመድ? (ከባሕር ዳር)

በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ጎዳናዎች በካሜራና በሊዳር የተቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው ኪቲ (KITTI) የተባለው የመረጃ ስብስብ በነጻ ይገኛል። እግረኛን የሚለይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሥሪና የሳተበትን እያንዳንዱን ሥዕል መርምሪ። ስህተቱን ከነምክንያቱ የጻፈች ተማሪ፣ አሥር ሰርተፊኬት ከደረደረ ሰው ይልቅ ቀጣሪን ታሳምናለች።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። ያገኘሁት የእነዚህ ሥርዓቶች የፍተሻ መሐንዲስነት ነው፤ ጓደኞቼ ዝቅ ያለ ሥራ ነው ይሉኛል። ልቀበል? (ከስቱትጋርት)

ተቀበል። በዚህ አባባል አጥብቄ እቃወማቸዋለሁ። አውራ ጎዳና ላይ ያለ ምክንያት ፍሬን የያዘ መኪና ከኋላው የሚመጣውን ሰው ሊገድል ይችላል። አይኤስኦ 26262 የተባለው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ የመኪናው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሲበላሹ የሚመጣውን አደጋ ይመለከታል፤ መስፈርቱም እንደ አደጋው ክብደት ከኤ እስከ ዲ እየጠበቀ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይኤስኦ 21448 ደግሞ ምንም ሳይበላሽ ሥርዓቱ ሲሳሳት፣ ለምሳሌ ዝቅ ያለች ፀሐይ ካሜራውን ስታውረው፣ ምን እንደሚደረግ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በየቀኑ የሚጋፈጠው ፈታሹ ነው። ከዚያ ወደ ደኅንነት መሐንዲስነትና ወደ ሥርዓት ነዳፊነት መሻገር ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገቡ መኪናዎች በራስ ፍሬን መያዣንና መስመር ጠባቂን የመሳሰሉ ሥርዓቶችን እንዲይዙ ሕግ ስላስገደደ ሥራውም የሚፈለግ ነው። ነገር ግን በቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ነገር ጠይቅ፦ የፍተሻውን ዕቅድ የሚያወጣውና የስህተቱን መንስኤ የሚመረምረው ማን ነው? ሌላ ክፍል ነው ካሉህ፣ ያንተ ድርሻ መኪና ነድቶ መረጃ መቅዳት ብቻ ሊሆን ስለሚችል ቆም ብለህ አስብ።

መካኒክ ነኝ። ይህ ነገር እኛን ይመለከተናል? (ከአዲስ አበባ)

በሚገባ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ካሜራና ራዳር አላቸው። መስመሩ በጠፋ መንገድ ላይ መስመር ጠባቂው እምብዛም አይረዳም፤ የፍሬኑ እገዛ ግን ይሠራል። ካሜራው የሚቀመጠው ከፊት መስታወቱ ጀርባ ስለሆነ፣ መስታወት በተቀየረ ቁጥር በአምራቹ መመሪያ መሠረት እንደገና መስተካከል አለበት። ጥቂት ቢዛነፍ እንኳ እግረኛውን በሌላ ቦታ ያየዋል። የማስተካከያ መሣሪያውንና ሥልጠናውን ዛሬ የያዘ ጋራዥ ሥራ አያጣም።