ለጠያቂው ወንድም፦ ግብ ጠባቂውን በንዴት እንዳታሰናብተው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ባንተ አይደለም የሳቅኩት፣ በራሴ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ባለው የሆኪ ፑል (እውነተኛ የሆኪ ተጫዋቾችን በወረቀት ብር እየገዙ የምናብ ቡድን የሚመሩበት ውድድር) መጨረሻ የወጣውን ቡድን አሸክመውሃል። ካፑ፣ ማለትም ቡድኑ ለደመወዝ ሊያወጣ የሚችለው ጣሪያ፣ ጢም ብሎ ሞልቷል። በዓመት 6 ሚሊዮን የሚበላ፣ ገና አራት ዓመት የቀረው ግብ ጠባቂ አለህ። እና «ውሉን አፍርሼ ልገላገል ወይስ ሁሉንም ሸጬ እንደ አዲስ ልጀምር?» ብለሃል።

እኔም ልክ እንዳንተ ነው የገባሁበት። ኤድመንተን አንድ መጋዘን ውስጥ ስሠራ አንድ ባልደረባዬ ሥራ ሲለቅ «ቡድኔን ላንተ ትቼልሃለሁ» አለኝ። ስጦታ መስሎኝ አመሰገንኩት። ለካ ዕዳ ነው ያወረሰኝ።

ሆኪ ምን እንደሆነ አላስረዳህም፣ ካናዳ አንድ ክረምት የከረመ ሰው ያውቀዋል። የኛ ፑል 14 ቡድን አለው፣ ሕጉን ከትልቁ ሊግ ከኤንኤችኤል እንዳለ ነው የገለበጥነው፣ የናንተም እንደዚያው መሆኑ አይቀርም።

1ኛ፦ ውል በንዴት አታፍርስ። ሒሳቡን ልሥራልህ። ተጫዋች ስታሰናብት ከቀረው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ያንተው ዕዳ ነው፣ የሚቆረጠው ደግሞ በቀሩት ዓመታት እጥፍ ነው። ያንተ ሰውዬ አራት ዓመት በ6 ሚሊዮን፣ 24 ሚሊዮን ይቀረዋል። ሁለት ሦስተኛው 16 ሚሊዮን ነው። ለስምንት ዓመት ሲካፈል በዓመት 2 ሚሊዮን። «2 ሚሊዮን ምን አላት» ትል ይሆናል። ስምንት ዓመት ሙሉ የማይጫወትልህን ሰው ትቀልባለህ እኮ! የኤንኤችኤሉ ክለብ ሚኒሶታ በ2012 ለዛክ ፓሪሴና ለራያን ሱተር ለእያንዳንዳቸው የ13 ዓመት የ98 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። በ2021 ሁለቱንም አሰናበተ። ከዚያ በ2023-24ም በ2024-25ም ከጣሪያው 14.7 ሚሊዮን ያህሉ ለሁለት የሌሉ ሰዎች ሄደ። ቀሪዎቹ ተጫዋቾች በተረፈው ብር ይሟገቱ።

2ኛ፦ ውል ስትሰጥ ገንዘቡን ሳይሆን ዓመቱን ፍራ። ይሄኛው ቁስሌ ነው፣ ረዘም ቢል ታገሠኝ።

በ2021 ክረምት ላይ ግብ ጠባቂ አልነበረኝም። ጨረታ ስንወጣ አንድ የ31 ዓመት ሰው ነበር፣ ያሳለፈው ዓመት እንደ ግድግዳ ሆኖ ነበር። ሌላው ሁሉ በሁለት ዓመትና በሦስት ዓመት ሲጫረት እኔ ብድግ ብዬ አምስት ዓመት በ5 ሚሊዮን አልኩ። ዝም አሉ። ዝምታው ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሰውዬው ወንፊት ሆነ። ሆኪ የማትወደው ባለቤቴ እንኳ አንድ ማታ ቆም ብላ አየችና «ለዚህ ነው የምትከፍለው?» አለችኝ።

እሺ፣ ለመሸጥ ወሰንኩ። ዊኒፔግ ቅርንጫፍ ያለ ልጅ ግማሹን ደመወዝ እኔ ከቻልኩለት፣ ከሁለተኛ ዙር ምርጫዬ (አዳዲስ ወጣቶች በየዓመቱ ሲከፋፈሉ ካለኝ የመምረጥ ተራ) ጋር ሊወስደው ተስማማ። ግማሽ መቻል ይፈቀዳል፣ በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት ተጫዋች ድረስ። በዓመት 2.5 ሚሊዮን ለሦስት ዓመት፣ ከዚያ በቃ፣ ነፃ። ሁሉም ነገር አልቋል፣ የቀረው ፑሉን ለሚመራው ሰው፣ ለኮሚሽነሩ መላክ ብቻ ነው።

የዝውውር መዝጊያው የካቲት መጨረሻ ላይ ነበር፣ በፈረንጅ ማርች 3 ቀን 2023። ዓርብ ነበር፣ ዐቢይ ጾም። የሚዘጋው በፈረንጅ ከቀኑ 3 ሰዓት፣ በኛ ዘጠኝ ሰዓት። ምሳ ሰዓቴን ጠብቄ፣ ሽሮዬን ከፍቼ፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ተረጋግቼ ላክሁ። ገና ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ያለኝ መስሎኛል። ለካ 3 ሰዓቱ የቶሮንቶ 3 ሰዓት ነው! ኮሚሽነራችን ቶሮንቶ ዋናው ቢሮ ነው የሚሠራው። ኤድመንተን ሰባት ሰዓት ሲሆን እዚያ ተዘግቷል። እኔ በሐበሻ ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መሃል ስድስት እየደመርኩ እየቀነስኩ የምኖር ሰው፣ ሁለቷን ሰዓት ረሳኋት።

ሃያ ደቂቃ። የመለሰልኝ መልስ «ሕጉን አንብብ» ብቻ ነው። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ሁለታችንም እኮ ተስማምተናል፣ ማንንም አልጎዳንም ብዬ በትሕትና ጻፍኩ። እሱ ሁሉም ሰው በሚያየው ግሩፕ ላይ «ኤድመንተን ሰዓት አይሸጥም እንዴ?» ብሎ ለጠፈው። አሥራ ሁለቱም ሳቁ። ከቀበሌ ጸሐፊ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። የቀበሌው እንኳ «ነገ ና» ይልሃል፣ ተስፋ አለው። በዓመቱ የራሱ ምሳ ጓደኛ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ሲልክ «ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነው» ተብሎ ገባለት። ይሄን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፣ አልረሳምም።

በዚያ ንዴት ነው ሰኔ ላይ ሰውዬውን ያሰናበትኩት። ሦስት ዓመት ነበር የቀረው፣ 15 ሚሊዮን። ሁለት ሦስተኛው 10 ሚሊዮን፣ በስድስት ዓመት፣ በየዓመቱ 1.67 ሚሊዮን ያህል። እስከ 2028-29 ድረስ። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ስምንተኛ ክፍል ልትገባ ስትል ነው የሚያልቀው። ሰውዬው ደግሞ በተከታዩ ዓመት ተመልሶ ግድግዳ ሆነልህ! በዝቅተኛው ደመወዝ፣ በ775 ሺህ ማን አነሳው? ኮሚሽነሩ።

ትንሽ የሚያጽናናኝ የከተማዬ ክለብም ያንኑ ማድረጉ ነው። ኦይለርስ በ2022 ለጃክ ካምቤል አምስት ዓመት በ5 ሚሊዮን ሰጡ፣ በ2024 ሰኔ ላይ ሦስት ዓመት ሲቀረው አሰናበቱት። የኔው ታሪክ ቁጭ! ዕዳው እስከ 2029-30 ይሄዳል። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሌላው ክለብ ሴንት ሉዊስ ለኦይለርስ ሁለት ወጣቶች፣ ለብሮበርግና ለሆሎዌይ ውል አቀረበላቸው። ኦይለርስ ካፑ ጠቦባቸው ስለነበር ያንኑ ያህል ገንዘብ ከፍለው ሳያስቀሯቸው ቀሩ። በምትኩ ያገኙት የሁለተኛና የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው። በየጠርዙ የምታባክናት ሚሊዮን እንዲህ ነው ቆይታ የምትመጣብህ።

3ኛ፦ ሁሉንም ሸጠህ አትጀምር፣ ባዶ ቦታህን ግን አከራየው። ወጣቶቹን ያዝ። ዘንድሮ ውላቸው የሚያልቅ አዛውንቶችን መዝጊያው ሳይደርስ ሽጥ። ካፕህ ውስጥ ክፍተት ሲገኝ ደግሞ የሰው መጥፎ ውል ተቀበል፣ ግን በነፃ አይደለም። አሪዞና የሚባለው ክለብ በ2016 የተጫዋቹን የዳትሱክን ውል ከዲትሮይት ተቀበለ፣ ሰውዬው ወደ ሩሲያ ሊሄድ ነበር፣ አንድም ቀን አልተጫወተላቸውም። በምላሹ በድራፍቱ፣ በወጣቶች ምርጫው ማለት ነው፣ ከ20ኛ ወደ 16ኛ ተራ ከፍ ብለው ተከላካዩን ቺክረንን መረጡ። እኔም ይህን አይቼ በ2024 የአንዱን አንድ ዓመት የቀረው 4 ሚሊዮን ወሰድኩለትና የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ተቀበልኩ። አሁን ምርጡ ተከላካዬ በዚያች ምርጫ የመጣ ልጅ ነው። ከ14ኛ ተነሥቼ ባለፈው ዓመት 3ኛ ወጣሁ፣ ያውም 1.67 ሚሊዮኔ እየተቆረጠ። ኮሚሽነሩ 6ኛ ነው። እንዲሁ ነው የጠቀስኩት።

4ኛ፦ ጣሪያው እየጨመረ ነው። በ2023-24 83.5 ሚሊዮን ነበር፣ በ2025-26 95.5 ሆነ፣ ለ2026-27 104 ነው። ያንተ 6 ሚሊዮን በ83.5 ውስጥ ከ7 በመቶ በላይ ትይዝ ነበር፣ በ104 ውስጥ 6 በመቶም አትሞላም። ዛሬ የሚያንቅህ ውል ዝም ብለህ ብትይዘው ራሱ ይቀልላል፣ ካሰናበትከው ግን ለስምንት ዓመት ተጣብቆብህ ይቀራል። ስለዚህ ግማሹን ችለህ የሚወስደው ሰው ፈልግ፣ ከተገኘም ምርጫ ጨምረህ ስጥ። ካልተገኘ ተጠባባቂ አድርገህ አስቀምጠውና ሁለት ዓመት ታገሥ።

አሁን የግብ ጠባቂህን ዕድሜና የቡድንህን ወጣቶች ዝርዝር ጻፍልኝ፣ ማንን መያዝ እንዳለብህ እነግርሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ኮሚሽነራችሁ በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሚሠራ ዛሬውኑ ጠይቅ።