ለ119ኛው ንጥረ ነገር ሲቪ ማስገባት ይቻላል?

«ጋሼ፣ የ3ኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ፊዚክስ የገባሁት መርጬው ሳይሆን ደርሶኝ ነው። አምና ግን መምህራችን ፔሪዮዲክ ቴብሉ መጨረሻ ላይ ያሉት ንጥረ ነገሮች በሰው እጅ የተሰሩ መሆናቸውን ሲነግረን ልቤ ሸፈተ። 119ኛውን ከሚሰሩት አንዷ መሆን እፈልጋለሁ። አባቴ ‹ይቅርብሽ፣ በማታ አካውንቲንግ ተማሪ› ይለኛል። ልግፋበት ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ መርዶውን ልንገርሽ። «ንጥረ ነገር ፈጣሪ» የሚባል የስራ መደብ የለም። ይህን ስራ በቁም ነገር የያዙት ቤተ ሙከራዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ የሩሲያው ዱብና፣ የጃፓኑ ሪከን፣ የጀርመኑ ዳርምሽታት፣ የአሜሪካው በርክሌይ፣ የቻይናው ላንጁ። አፍሪካ ውስጥ አንድም የለም።

አሁን ደግሞ ስራው ውስጡ ምን እንደሚመስል እንይ። (እኔ ወደ ምክር ስራ ከመግባቴ በፊት ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከረዘመብሽ ይቅርታ።)

ንጥረ ነገርን ከሌላው የሚለየው፣ ቴብሉ ላይም ቁጥሩን የሚሰጠው የፕሮቶኑ ብዛት ነው። ስለዚህ ሂሳቡ ተራ መደመር ነው። ዚንክ 30 ፕሮቶን አለው፣ ቢስሙዝ 83። ሁለቱ ቢዋሃዱ 113 ይመጣል። ጃፓናዊው ኮሱኬ ሞሪታና ቡድኑ ሪከን ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ችግሩ ሁለቱም አስኳሎች (ፕሮቶኖቹ ያሉባቸው የአቶሞቹ እምብርቶች) ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ዚንኩን የብርሃንን ፍጥነት 10 በመቶ ያህል እስኪደርስ አስሩጦ ከቢስሙዙ ጋር ማላተም ያስፈልጋል። ፍጥነቱ ካነሰ ተገፍቶ ይመለሳል። ከበዛ የተዋሃደው አስኳል ግሎ ይሰነጠቃል። ልኩ ሲገኝ እንኳ አብዛኛው ግጭት ከንቱ ነው። ሙከራው የተጀመረው በፈረንጆቹ 2003 ነው። በ2004 አንድ አቶም ተገኘ፣ በ2005 ሌላ አንድ። ከዚያ 7 ዓመት ዝም። 3ኛው የመጣው በ2012 ነው። 9 ዓመት፣ 3 አቶም።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ የ7 ዓመት ዝምታ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰዎቹ ጠዋት ተነስተው ስራ ይገቡ ነበር። አንዱ የአክስለሬተሩን (ዚንኩን የሚያስሮጠውን ማሽን) ጨረር ያስተካክላል። አንዷ የሚሽከረከረውን ስስ ኢላማ (የሚመታውን ቢስሙዝ) ትፈትሻለች። ሌላው ዲቴክተሩ (የማወቂያው መሳሪያ) በትክክል መቁጠሩን ያረጋግጣል። አቶሙ ባይመጣም ደሞዛቸውን የሚያገኙት በዚህ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ገልብጬ እኔ ልጠይቅሽ፦ አቶም በማይመጣበት ቀን የትኛውን ስራ ስትሰሪ ደስ ይልሻል?

ምርጫሽን ላሳይሽ። አንዱ የማወቂያው ስራ ነው። አዲሱ አስኳል እድሜው ከሰከንድ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ 118ኛው ኦጋኔሶን አንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ አይቆይም። ታዲያ መገኘቱ በምን ይታወቃል? በዘር ሐረጉ። አስኳሉ አልፋ የሚባለውን ትንሽ ቅንጣት ሲተፋ 2 ፕሮቶን ይቀንስና ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ ያም ይተፋል፣ እያለ ይወርዳል። እኛ አገር የአንድን ሰው ስም እስከ አያቱ ሰምተሽ ቤተሰቡን እንደምታውቂው ማለት ነው። የ2012ቱ አቶም 6 ጊዜ አልፋ ተፍቶ ከ113 ወደ 101 ወረደ፤ 101ኛው ሜንዴሌቪየም ደግሞ ዱሮም የሚታወቅ ነው። የሞሪታን ቡድን «113ን አግኝተናል» የሚል የይገባናል ጥያቄ ያጠናከረውና ንጥረ ነገሩ ኒሆኒየም እንዲባል መንገድ የከፈተው ይህ ሐረግ ነው። ኤሌክትሮኒክስና ፕሮግራሚንግ የምትወጂ ከሆነ ቦታሽ እዚህ ነው።

ሁለተኛው ኢላማ መስራት ነው። እውነቱን ለመናገር ተማሪዎች ንቀው የሚያልፉት ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚያስቀናኝ እሱ ነው። 117ኛውን ለመስራት ካልሲየምን (20) ከቤርክሊየም (97) ጋር ማዋሃድ ነበረባቸው። ቤርክሊየም በተፈጥሮ የሚገኝ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ በኑክሌር ሪአክተር አብስሎ 22 ሚሊግራም አዘጋጀ፤ ከአንድ ፍሬ ስንዴ ያነሰ ክብደት ነው። ያም ቢሆን በ330 ቀን ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ አጥርተው፣ አሽገው፣ ወደ ሩሲያ አስቸኩለው ላኩት። ዱብና 150 ቀን ያህል ካልሲየም አዘነበበትና 6 አቶም ተገኘ። ቴነሲን የተባለው እሱ ነው። ኬሚስቶቹ አንድ ወር ቢያንቀላፉ ኖሮ ስንቱ ይባክን ነበር!

ያንቺው 119ስ? ካልሲየም ወደዚያ ለመድረስ አይንስታይኒየም (99) ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ለኢላማ የሚበቃ መጠን አይገኝም። ስለዚህ ተወርዋሪውን ማክበድ ግድ ሆነ። ሪከን ቫናዲየምን (23) ከኩሪየም (96) ጋር እየሞከረ ነው። በርክሌይ በ2024 ታይታኒየምን (22) በፕሉቶኒየም (94) ላይ ተኩሶ በ22 ቀን 2 የሊቨርሞሪየም (116) አቶም አገኘ። ሊቨርሞሪየም አዲስ አይደለም፤ የፈለጉት ታይታኒየም መስራቱን ማየት ነበር። ቀጥሎ ወደ 120 ለመሄድ አስበዋል። እንግዲህ አንቺ ፒኤችዲ እስክትጨርሺ 119 በሌላ ሰው እጅ ሊያዝ ይችላል። አትደንግጪ፣ ቁጥሩ እዚያ አያቆምም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። በ1999 በርክሌይ ውስጥ 118ን አገኘን ተብሎ ተነገረ። ሌሎች ቢደግሙት አልመጣም። ኋላ ሲመረመር አንዱ ተመራማሪ ዳታውን ፈብርኮት ተገኘ፤ ጽሑፉም ተሻረ። ላብ ሪፖርት ላይ ቁጥር «የማስተካከል» ልማድ በየግቢው እንዳለ አውቃለሁ። አንቺ ዛሬውኑ ተዪው። ሦስት አቶም ብቻ ባለበት ሙያ ያለሽ ንብረት መታመንሽ ነው።

ወደ መሬት እንውረድ። ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ፓይተንን አሁኑኑ ጀምሪ፣ ሲ ፕላስ ፕላስን አስከትይ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከዲቴክተር ወይም ከጨረር ልኬት ጋር አያይዢው። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን አጠገብ ያለውን አይቴምባ ላብስን ተመልከቺ። ከባድ ንጥረ ነገር አይሰራም፤ ግን እውነተኛ ሳይክሎትሮን (አንድ የአክስለሬተር ዓይነት) አለው፣ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችም ይሰሩበታል። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ደግሞ በማሪ ኩሪ ስም ሴቶች በኑክሌር ዘርፍ ማስተርስ እንዲማሩ ይደግፋል፤ በዓመት ለትምህርት ክፍያ እስከ 10,000 ዩሮ፣ ለኑሮም እስከ 10,000 ዩሮ። ለዚህ ጂፒኤሽን ጠብቂው።

አባትሽን በተመለከተ፣ «ቴብሉ ላይ ስም ላስጽፍ ነው» ብለሽ አትጀምሪያቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ህክምና የሚሰጠው የጨረር ማሽን ራሱ አክስለሬተር መሆኑን ንገሪያቸው። ጅማም አለ። ያንን ማሽን የሚለካና መጠኑን የሚያሰላ ሜዲካል ፊዚሲስት ይባላል፤ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዚሁ ሙያ የ2 ዓመት ማስተርስ ይሰጣል። ዲቴክተር የምታውቅ ልጅ ዱብና ባትደርስ ሆስፒታል ትደርሳለች። አካውንቲንጉን ክረምት ላይ አጭር ኮርስ ውሰጂላቸው፣ ደስ ይበላቸው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሳበሽ፣ ዲቴክተሩ ወይስ ኢላማው፣ ጻፊልኝና የኮርስ ምርጫሽን አብረን እናያለን።