የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሐይቅ ዳር ለመጥበስ የቱ ምድጃ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችን ሙስሊሞች፣ ሦስታችን ክርስቲያኖች። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ በአንዱ ጓደኛችን መኪና ሐይቅ ሄደን ውኃው ዳር ድንኳን ተክለን ለማደር አስበናል። ለመጥበሻ ሦስት ነገር አይተናል። አንደኛው እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ ቀጭን የከሰል ግሪል ነው፤ ሁለተኛው በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራ ምድጃ ነው፤ ሦስተኛው ብረታ ብረት ቤት በትእዛዝ የሚሠራ ነው። የቱን እንያዝ? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ሌሊት ከበረደን ፍሙን ወደ ድንኳኑ እናስገባለን ይላል። ይህስ ይቻላል?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ በሌላው ብትሳሳቱ የምታጡት ገንዘብና ሥጋ ነው። ፍም ድንኳን ውስጥ አይገባም። ጭሱ አልቆ ቀይ የሆነ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጭስ ቢሆን ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ የተኛውን ይቀሰቅሳል። ይህ ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ተኝቶ ያገኘውን ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይገድለዋል። የድንኳኑን በር ገርበብ አድርጎ መተው መፍትሔ አይሆንም። አመድ የለበሰና የጠፋ የሚመስል ከሰልም ያው ነው። ብርድ ከፈራችሁ ጋቢና ብርድ ልብስ ጨምሩ፤ ከሁሉ በላይ ከሥራችሁ ወፍራም ነገር አንጥፉ፤ የሌሊቱ ብርድ አብዛኛው ከመሬት የሚመጣ ነውና። እባካችሁ፣ ይህችን አንቀጽ ለዚያ ጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ወደ ምድጃው እንመለስ። ላስታ ውስጥ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ሳበስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም ደሴ ተቀምጬ በጋ በመጣ ቁጥር ቤተሰቤን ይዤ እወጣለሁ። ሰው ግሪል ሲገዛ ስፋቱንና ማማሩን ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው አየሩ የሚገባበትን ቀዳዳና ክዳኑን ነው። የከሰል ጉልበት ያለው በአየር ነው። ከሥር በኩል የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ፣ ከላይ ደግሞ ክዳን ያለው ምድጃ እሳቱን በእጃችሁ ያደርግላችኋል፤ ሲያንሰው ትከፍቱለታላችሁ፣ ሲበዛበት ትዘጉበታላችሁ። እነዚህ ከሌሉት የሚያዘው ንፋሱ ነው። ሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ክዳን የሌለው ግሪል ከሰሉን በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ሥጋው ውጭው አሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ አመዱም ምግባችሁ ላይ ይበናል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው። መኪና አላችሁ፤ ክብደት አያስፈራችሁም። ብረት ሠሪውን ባለ 2 ሚሊ ላሜራ በሉት። ቀጭኑ ታጣፊ ግሪል ጥቂት ጊዜ ከጋለ በኋላ ይጣመማል፤ ማጠፊያውም አልገጥም ይላል። ለስድስት ሰው 45 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ይበቃችኋል፤ ክዳኑና እግሩ ሳይቆጠር ስድስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እግሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ያድርገው፤ ከሥሩም አመድ የሚይዝ ትሪ ይኑረው። ጥቅምት ላይ ሣሩ መድረቅ ይጀምራል፤ የወደቀ ፍም ሜዳውን ሁሉ ሊያያይዘው ይችላል። ሐይቁን ትታችሁ ወደ የጎፍ ደን ብትወጡ ደግሞ ከዛፍ ሥር ምንም እሳት አታንድዱ። ያ ደን የኮምቦልቻ ጌጥ ነው፤ ለአንድ ምሳ ተብሎ አንድ ዛፍ እንኳ ሊቃጠልበት አይገባም።

ከብረት ሠሪው ጋር ስትነጋገሩ በአንድ ነገር አትለሳለሱ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ወይም ሌላ ዚንክ የተቀባ ብረት አይጠቀምላችሁ፤ ዚንኩ በኃይል ሲግል የሚያወጣው ጢስ ጤና ያውካል። የአሮጌ ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ለፍርግርግ የሚጠቀሙ ሰዎችም አይቻለሁ። ሽቦው የተለበጠበት ነገር ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት አለበት። ያልተቀባ የብረት ዘንግ በቂ ነው። አዲሱን ምድጃ ምግብ ሳታስቀምጡበት አንድ ጊዜ በከሰል በደንብ አግሉት፤ የብየዳው ቆሻሻና የብረቱ ዘይት ተቃጥሎ ይወጣል። ፍርግርጉን ከዚያ በኋላ ዘይት ቀቡት፤ ዝገት ይከላከልለታል።

ፍርግርጉን ሁለት አድርጋችሁ አሠሩ። ወሎ ውስጥ አብሮ መውጣት፣ አብሮ መብላት ያደግንበት ነው፤ እርዱ ግን ለየብቻ ነው። አንድ ሣጥን ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ፣ እጀታቸው የሚለያይ ሁለት ፍርግርጎችና ሁለት መቆንጠጫ ካላችሁ ማንም ሳይጨነቅ ከአንድ እሳት ትጠብሳላችሁ። መሐል ላይ የሚቆም የላሜራ መለያ ብትጨምሩ ስቡም አይቀላቀልም። ከገበያ የሚገዛ ግሪል ይህን አያስብላችሁም፤ ለዚህም ነው በትእዛዝ የሚሠራውን አጥብቄ የምመክረው። ከዚህ ሌላ ከሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ቆሮሶ ግዙ፤ እሱን ሁላችሁም ከአንድ ፍርግርግ ትበሉታላችሁ። ሆዱን አጽዱና ጎንና ጎኑን ሰንጥቁት፤ ጨው፣ ሎሚና የተወቀጠ ቃሪያ እሹት፤ ዓሣውንም ፍርግርጉንም ዘይት ቀቡ፤ ቆዳው ራሱ እስኪለቅ ድረስ አታገላብጡት።

ከሰሉ የግራር ይሁን። ከባድ ነው፤ ሁለቱን ስታጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ፍሙም ይቆያል። የባሕር ዛፉ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። በላምባ አታቀጣጥሉ፤ ሽታው ከሥጋው አይለቅም። ስትጨርሱ ክዳኑንና ቀዳዳውን ዝጉ፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ የተረፈውም ከሰል ለነገ ይሆናል። አመዱ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በጆንያ ይዛችሁ ተመለሱ። ወደ ሐይቁ አይጣል።

የጋዙ ምድጃ ለሻይና ለጠዋት እንቁላል ጥሩ ነው፤ ለስድስት ሰው ጥብስ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጎህ ሲቀድ የጋዝ ምድጃዬ ይደክማል፤ ቆርቆሮው ግን ባዶ አይደለም። ምን ሆኖ ነው?
ከላሊበላ

መልስ፦ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ቡቴን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል፤ ወደ ጋዝነት አይለወጥም። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። ስለዚህ ሁለቱ የተቀላቀሉበትን ይግዙ፤ ጽሑፉ ቆርቆሮው ላይ አለ። ሌሊት ብርድ ልብስዎ ውስጥ ያሳድሩት። እሳት አጠገብ አስቀምጦ ማሞቅ ግን ያፈነዳዋል፤ ፈጽሞ አይሞክሩት። ከ4,000 ሜትር በላይ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ክክና ምስር እንደ ቤትዎ ቶሎ አይበስሉም። ማታውኑ ይዘፍዝፏቸው፤ ጋዝዎም ይተርፍልዎታል። እንግዳ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣልዎ ከሆነ የጋዝ ቆርቆሮ እንዲያመጣ አይጠይቁት፤ በመንገደኞች አውሮፕላን መጫን ክልክል ነው።