ስማችሁ የት ይጻፋል?

በቅርቡ ለምርምር ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የምትሰናዳ ተማሪ «ስሜ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ይገባ እንደሆነ አማካሪዬን ገና ሥራ ሳልጀምር ብጠይቅ ነውር ይሆንብኛል?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

በወጣትነቴ በሰው አገር ቤተ ሙከራ የተሰጠኝ ሥራ ዲኤንኤን ፒሲአር በሚባለው ዘዴ እያባዙ ውጤቱን በጄል ማየት ነበር፤ ጄል ናሙናዎቹ በየጉድጓዳቸው የሚጨመሩበት፣ ዲኤንኤ ካለ እንደ መስመር የሚታይበት ዝልግልግ ነገር ነው። አማካሪዬ ቁጡና ጠንቃቃ ሴት ነበሩ። አንድ ማለዳ ጄሉን አልትራቫዮሌት መብራት ላይ ስናስቀምጥ ናሙናዎቹ በሙሉ የምንጠብቀውን መስመር አሳዩ። እኔ በደስታ ልዘል ስል እርሳቸው ጎንበስ ብለው የመጨረሻውን ጉድጓድ ያያሉ። በናሙና ፋንታ ውሃ ብቻ የጨመርንበት ስለሆነ ባዶ መሆን ነበረበት። ግን በጭንቅ የምትታይ ደብዛዛ መስመር አለች። «ሁሉንም ጣለው» ብለውኝ ወጡ።

ፒሲአር በየዙሩ ዲኤንኤን እጥፍ ያደርጋል፤ በ30 ዙር አንዷ ቅንጣት፣ በስሌት ደረጃ፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ትሆናለች። ስለዚህ የትም የተንጠባጠበች ብክለት ውጤት መስላ ትወጣለች። ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ቀየርኩ፤ መስመሯ አለች። ማባዛቱን የሚያስጀምረውን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ፕራይመሩን፣ ቀየርኩ፤ አሁንም አለች። ፈሳሽ የምንለካባቸውን ፒፔቶች ፈትቼ አጠብኩ። ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። ጥፋቱ ሁላችንም የምንቀዳበት የውሃ ጠርሙስ ላይ ተገኘ። ሥራውን እንደ አዲስ ስደግመው እውነተኛ ሆነው የቀሩት ከናሙናዎቹ ከፊሎቹ ብቻ ነበሩ።

አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ጥናቱ ታተመ። ሠንጠረዡ የእኔ ውጤት ነው። ስሜን ከጸሐፊዎቹ መካከል ፈልጌ አጣሁት፤ መጨረሻ ላይ፣ የምስጋናው አንቀጽ ውስጥ፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ አገኘሁት። ብጽፍላቸው «በጽሑፉ ዝግጅት ላይ አልተሳተፍክም» የሚል ትሑት መልስ መጣልኝ። ረቂቁን ማን ልኮልኝ ልሳተፍ?

ዛሬ ለዚህ የተጻፈ ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ቫንኩቨር ላይ በተሰበሰቡ አርታኢዎች የተጀመረው የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ለጸሐፊነት አራት መስፈርት ያስቀምጣል፤ ለሥራው ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ኃላፊነት መውሰድ። የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው በቀሪዎቹ የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባም በግልጽ ይናገራል። ይህችን አንቀጽ ሳነብ ለብቻዬ ሳቅኩ።

እኚያን ሴት ግን መቀየም አልሆነልኝም። ዛሬም ተማሪ ያማረ ጄል ይዞልኝ ሲመጣ ዓይኔ የሚያርፈው የውሃው ጉድጓድ ላይ ነው። ደግሞስ ስም መግባቱ ብቻውን ምን ያህል ያድናል? ጆስሊን ቤል እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች ከሬዲዮ ቴሌስኮፑ በሚወጣው ረጅም ወረቀት ላይ እንግዳ ምልክት አየች። አማካሪዋ መጀመሪያ ሰው ሠራሽ የሬዲዮ ጣልቃ ገብነት መስሏቸው ነበር። ፑልሳር፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ፣ ሆኖ ተገኘ። በ1968 በታተመው ጽሑፍ ስሟ ሁለተኛ ነው፤ የ1974ቱን የኖቤል ሽልማት ግን አማካሪዋና ሌላ ባልደረባቸው ወሰዱ።

የእናንተ ትውልድ ግራ ያጋባኛል። ሻንጣው ሳይፈታ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቅ ገጥሞኛል፤ ጄሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ የቤተ ሙከራ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር የማይጽፍም እንዲሁ። ነገር ግን ድፍረታችሁን እቀናበታለሁ። እኛ ዝምታን ከጨዋነት ቆጥረን አደግን።

ስለዚህ ልጄ፣ ጠይቂ። በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን የሥራ ድርሻሽ ሲለይ። መጀመሪያ በየቀኑ አብሮሽ የሚሠራውን ሰው፣ ቀጥሎ ፕሮፌሰሩን። «ስሜ ይገባል ወይ?» ከማለት «ጸሐፊ ለመሆን ከእኔ ምን ይጠበቃል?» ማለቱ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን በአዎ ብቻ ሊሸኙሽ ይችላሉ። የተነጋገራችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፈሽ ላኪላቸው። መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ሙከራው ንብረት ነውና ቅጂ መውሰድ ከፈለግሽ አስፈቅጂ። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሌላ የግል አድራሻሽንም ተዪላቸው፤ የዩኒቨርሲቲው ከሄድሽ በኋላ ሊዘጋ ይችላል፣ ረቂቁ ደግሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።